ሚጥሚጣ በጭልፋ አይለካም፦ ስለ 1972ቱ ማያሚ ዶልፊንስ የምላሽ ጽሑፍ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ «ይሄን አንብብና ተናደድ» ብሎ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። አነበብኩት። እንዳለውም ተናደድኩ። ሁለተኛ ሳነበው ግን ንዴቱ በረደና መልስ የመጻፍ አምሮት መጣብኝ።

ጽሑፉ ስለ አሜሪካን ፉትቦል ነው፤ ከ1971 እስከ 1973 ስለነበረው ማያሚ ዶልፊንስ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። እኛ አገር ጃንሆይ ገና ዙፋን ላይ ነበሩ።) ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይሄ ነው። ያ ቡድን የሩጫ ቡድን ነበር፤ ውርወራው ግን ደካማ ነበር። ኳርተርባኩ (ጥቃቱን የሚመራውና የሚወረውረው ተጫዋች) ቦብ ግሪሲ ኳሱን ተቀብሎ ለሯጭ ከማቀበል ያለፈ ሥራ አልነበረውም። እሱ ተጎድቶ የ38 ዓመት ሰው ሲተካው እንኳን ምንም ያልተለወጠው ለዚህ ነው። ፖል ዋርፊልድ የሚባል ድንቅ ተቀባይ እዚያ ሄዶ ባክኖ ቀረ። አሰልጣኙ ዶን ሹላ በውርወራ አያምኑም ነበር። ዛሬ ቢጫወቱ ደግሞ መሳቂያ ይሆኑ ነበር።

ስድስት ነጥብ ነው። በየተራ እሄድባቸዋለሁ። አንዳንዱን በጥቂት ቃል አልፈዋለሁ፣ አንዳንዱ ላይ ቁጭ እላለሁ። ጸሐፊው እውነት ያላቸው ቦታም አለ፤ እሱንም አልደብቅም።

ጨዋታውን ለማትከታተሉ አንድ ደቂቃ ስጡኝ። ኳስ የያዘ ቡድን 10 ያርድ (9 ሜትር ገደማ) ለመግፋት አራት ዕድል አለው። ወይ ኳሱን ይዞ ይሮጣል፣ ወይ ኳርተርባኩ ወደፊት ይወረውራል። ኳሱን የተቀናቃኝ ሜዳ ጫፍ ማድረስ ተችዳውን ይባላል፤ ዋናው ጎል እሱ ነው። ማያሚዎች ሯጮች ነበሩ። በ1972 14 መደበኛ ጨዋታ ተጫወቱ፤ 14ቱንም አሸነፉ። ሦስቱን የፕሌይኦፍ (የጥሎ ማለፍ) ጨዋታ ሲጨምሩ 17 ለ 0 ሆነ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይሸነፍና አቻ ሳይወጣ ሱፐር ቦውልን፣ የሊጉን የዋንጫ ፍጻሜ፣ ያሸነፈ ሌላ ቡድን እስካሁን የለም። በመደበኛው ውድድር በሩጫ ብቻ 2,960 ያርድ ሄዱ፤ ያኔ የሊጉ ክብረ ወሰን ነበር። ላሪ ዞንካ 1,117፣ መርኩሪ ሞሪስ 1,000። ከአንድ ቡድን ሁለት ሰው ሺህ ሲሞላ የመጀመሪያው ነው። (የሞሪስ ቁጥር መጀመሪያ 991 ተብሎ ተመዝግቦ ነበር። በኋላ ፊልሙ ሲታይ ያለ አግባብ የተቀነሰችበት 9 ያርድ ተመለሰችለት። ልክ ሺህ!)

እንግዲህ እንዲህ የሚሮጥ ቡድን ብዙ አይወረውርም። ክርክሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

«ጥቂት ስለወረወሩ ደካማ ናቸው»

የጽሑፉ ምሰሶ ይሄ ነው። ጸሐፊው በ1973 ግሪሲ ዓመቱን ሙሉ 218 ኳስ ብቻ ወርውሮ 1,422 ያርድ ብቻ ማግኘቱን ያስቀምጡና «በቃ፣ ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?» ይላሉ። ቁጥሩ ልክ ነው። የተንሸዋረረው ድምዳሜው ነው።

ጥሬ ሥጋ ሲቀርብ ጎኑ ላይ ያለችውን ሚጥሚጣ አስቧት። ሥጋው ስንት ነው፣ እሷ ስንት ናት? «ይቺ ትንሽ ናት፣ ስለዚህ ደካማ ናት» የሚል ሰው ካለ በማንኪያ ሙሉ ይሞክራት። ስንት ናት ብሎ ነገር የለም። ስትነካ ምን ታደርጋለች ነው ጥያቄው።

የማያሚ ውርወራ ሲነካ ምን አደረገ? ከእነዚያ 218 ኳሶች 17ቱ ተችዳውን ሆኑ። በ13 ውርወራ አንድ ገደማ ማለት ነው። በዚያው ዓመት በውርወራ ያርድ ሊጉን የመራው የፊላደልፊያው ሮማን ጌብሪየል ነበር፤ 460 ጊዜ ወርውሮ 3,219 ያርድና 23 ተችዳውን አገኘ። በ20 ውርወራ አንድ። ጌብሪየልን ደካማ ያለው የለም። ታዲያ በ13 አንድ የሚያስቆጥረው ሰው በምን ሒሳብ ደካማ ሆነ?

የ1972ቱንም እንይ። ግሪሲና ተተኪው ኧርል ሞራል ተደምረው በመደበኛው ውድድር 247 ጊዜ ወርውረው 1,998 ያርድ ሠሩ። በአንድ ውርወራ ከ8 ያርድ በላይ ነው። የዚያ ዓመት የያርድ ንጉሥ የኒውዮርክ ጄትሱ ጆ ኔሜዝ ነበር፤ 324 ውርወራ፣ 2,816 ያርድ። በአንድ ውርወራ ከማያሚዎቹ በትንሹ ይበልጣል። ግን ኔሜዝ 21 ኳስ ተጠልፎበታል፤ ተቀናቃኝ ይዞበታል ማለት ነው። ግሪሲና ሞራል ሁለቱ ተደምረው 11። እዚህ ላይ ሌላም ነገር ልብ በሉ፤ ሊጉን የመራው ሰው ራሱ ዓመቱን ሙሉ ሦስት ሺህ ያርድ አልሞላም። ዘመኑ እንደዚያ ነበር። ጸሐፊው የዛሬን ሜትር ይዘው ነው የዚያን ዘመን ልብስ የሚለኩት።

እውነተኛ ደካማ ውርወራ ማየት የፈለገ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ማያሚ በነበረበት ምድብ ውስጥ የ1973ቱ ቡፋሎ ቢልስ አለለት። ኦ ጄ ሲምፕሰን 2,003 ያርድ የሮጠበት ዓመት ነው፤ በአንድ የውድድር ዘመን ሁለት ሺህን ሲያልፍ የመጀመሪያው ሰው ነበር። ቡድኑ በጠቅላላው 3,088 ያርድ ሮጠ፤ የማያሚን ክብረ ወሰን በዓመቱ ሰበረው። ውርወራውስ? ጀማሪው ኳርተርባክ ጆ ፈርጉሰን 164 ጊዜ ወርውሮ 939 ያርድ። አራት ተችዳውን፣ አሥር የተጠለፈ። በ41 ውርወራ አንድ ተችዳውን! ልጁ ጀማሪ ነበርና አልፈርድበትም፤ በኋላ ጥሩ ተጫዋች ወጥቶታል። ግን ደካማ ውርወራ ማለት ያ ነው። ቡፋሎ በሩጫ ከማያሚ በልጦ 9 አሸንፎ 5 ተሸነፈ፤ ፕሌይኦፍም አልገባ። ማያሚ በዚያ ዓመት ሁለቴ ገጥሞት ሁለቴም አሸንፎታል። የቡፋሎ ጉድለት ውርወራው ብቻ ነበር አልልም። ግን ሁለቱን ቡድኖች ጎን ለጎን አስቀምጦ አንድ ስም መስጠት ልክ አይመጣም።

«ግሪሲ ኳስ አቀባይ ብቻ ነበር»

እዚህ ጋ ጸሐፊው የሚወዱትን ጨዋታ ያመጣሉ። ጥር 13 ቀን 1974፣ ሂውስተን፣ ራይስ ስታዲየም፣ 8ኛው ሱፐር ቦውል። ማያሚ ሚኒሶታ ቫይኪንግስን 24 ለ 7 ሲረታ ግሪሲ የወረወረው ሰባት ኳስ ነው። ስድስቱ ተያዙ፣ 73 ያርድ። ከዚያ በፊት በነበረው የኮንፈረንስ ፍጻሜ (ወደ ሱፐር ቦውል የሚያሳልፈው ጨዋታ) ኦክላንድን 27 ለ 10 ሲያሸንፉ ደግሞ ስድስት ወርውሮ ሦስት ተያዘለት፤ 34 ያርድ። ጸሐፊው «ተሳፋሪ» ይሉታል።

እኔ ሹፌር ነበርኩና ተሳፋሪና ሹፌርን እለያለሁ።

የሂውስተኑን ጨዋታ አካሄድ ተመልከቱ። ማያሚ የመጀመሪያውን ኳስ ያዘ፤ በ10 ጨዋታ (በ10 ሙከራ ማለት ነው) 62 ያርድ ሄዶ ተችዳውን። ቀጥሎ ሲይዝ በ10 ጨዋታ 56 ያርድ፣ ተችዳውን። እረፍት ላይ 17 ለ 0። ሦስተኛው ሩብ ሲያልቅ 24 ለ 0። ዞንካ 33 ጊዜ ተሸክሞ 145 ያርድ ሄደ። ሰውዬው ከመቶ ኪሎ በላይ ነው፤ ወገቡን ይዘው የሚንጠለጠሉ ሁለት ሰዎች እየጎተተ ነበር የሚወድቀው። እንዲህ እየሆነ ማን ይወረውራል? በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ በመስኮት የሚገባ ሰው ካለ ይንገሩኝ።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ጸሐፊው የዘለሉት ነገር አለ። ያኔ ቀጥሎ የሚሞከረውን ጨዋታ የሚመርጠው ማን ነበር? ዛሬ አሰልጣኙ በራዲዮ ነው ለኳርተርባኩ ጆሮ የሚናገረው። ማያሚ ላይ ግን እያንዳንዱን ጨዋታ በአብዛኛው የሚመርጠው ግሪሲ ራሱ ነበር። እንግዲህ «አልወረወረም» ሲባል «ላለመወርወር ወሰነ» ማለት ነው። የራሱን ስታቲስቲክስ ለማሳመር ያልሞከረ ኳርተርባክ ብርቅ ነው። እኔ ብሆን ኖሮ ቢያንስ ሃያ ኳስ እወረውር ነበር፤ ለልጆቼ የማሳየው ነገር እንዲኖረኝ።

ደግሞ መወርወር ሲያስፈልግ ወርውሯል። ሦስተኛው ሩብ ላይ ለዋርፊልድ 27 ያርድ ልኮ ኳሱ ሚኒሶታዎች ደጃፍ ደረሰ። ከዚያ ዞንካ ከ2 ያርድ ጨረሰው። የዚያች የዞንካ ጨዋታ ታሪክ ራሷ ታስቃለች። ግሪሲ መስመር ላይ ከቆመ በኋላ ኳሱ በስንተኛው ቆጠራ እንደሚሰጠው ረሳ። ዞሮ ዞንካን ጠየቀው። ዞንካ «በሁለት» አለው። ሌላው ሯጭ ጂም ኪክ ደግሞ «አይ፣ በአንድ ነው» አለ። ግሪሲ ዞንካን አመነ። ኳሱ በአንድ መጣ። እንደምንም ይዞ አቀበለው፤ ገባም። ስለዚህ «አቀባይ» ካሉት አይቀር፣ በዚያች አንዲት ጨዋታ አቀባይነቱም ለጥቂት ነው የተረፈው።

«የ38 ዓመት ሰው ሲተካው ምንም አልተለወጠም»

እዚህ ላይ ትንሽ እቀመጣለሁ፤ ምክንያቱም ማስረጃው ተገልብጦ ነው የቀረበው።

ጥቅምት 15 ቀን 1972፣ አምስተኛው ጨዋታ፣ ኦሬንጅ ቦውል። ሳንዲያጎዎች ግሪሲ ላይ ተረባረቡበት፤ ቀኝ እግሩ ተሰበረ። ሞራል ገባ። ማያሚ 24 ለ 10 አሸነፈ። ጸሐፊው ሞራልን «ጡረታ የወጣ ሊመስል የደረሰ» አድርገው ነው የሚገልጹት። እውነት ነው፣ ሹላ ባልቲሞር ከለቀቀው በኋላ በ100 ዶላር ነው ያስመጡት። መቶ ዶላር! ግን ይሄ ሰው በ1968 ባልቲሞር ላይ፣ በዚያው በሹላ አሰልጣኝነት፣ የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ የተመረጠ ነው። የዚያን ጊዜም የታመመ ኳርተርባክ ነበር የተካው፤ ያውም ጆኒ ዩናይተስን። ስሙም በአማርኛ ሲጻፍ ሞራል ነው፤ እንዴት እንደሚስማማው!

ሞራል በ1972 150 ኳስ ወርውሮ 1,360 ያርድና 11 ተችዳውን ሠራ። በአንድ ውርወራ 9 ያርድ። ውርወራው ዋጋ ቢስ የሆነ ቡድን ተተኪ ኳርተርባኩን እንዲህ አያስወረውርም፤ ኳሱን ደብቆ በሩጫ ብቻ ይዘልቃል። ማያሚ ያደረገው ተቃራኒውን ነው። «ምንም አልተለወጠም» የተባለው ነገር ውርወራው ስላልነበረ ሳይሆን ውርወራው ሰው ቢቀየርም ስላልተበላሸ ነው።

አሁን ጸሐፊው የዘለሏቸውን ሦስት ጨዋታዎች ላምጣ። ያ ያልተሸነፈ ዓመት ሊበላሽ ከደረሰባቸው ቀናት መካከል ናቸው።

አንደኛው ሚኒሶታ ላይ ነው፤ ጥቅምት 1፣ ሦስተኛው ጨዋታ፣ ግሪሲ ገና ሳይጎዳ። አራተኛው ሩብ ላይ ሚኒሶታ 14 ለ 6 ይመራል። የማያሚው መቺ ጋሮ የፕሬምያን ከ51 ያርድ በእግሩ መትቶ (ፊልድ ጎል ይባላል፤ ሦስት ነጥብ ነው) 14 ለ 9 አደረገው። ከዚያ ጨዋታው ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ግሪሲ ለጂም ማንዲች 3 ያርድ ወረወረ። ተችዳውን። 16 ለ 14። ያቺ ኳስ መሬት ብትወድቅ ዛሬ ስለ 17 ለ 0 የሚያወራ የለም።

ሁለተኛው የገና ዋዜማ ነው፤ ፕሌይኦፍ፣ ከክሊቭላንድ ብራውንስ ጋር።  አራተኛው ሩብ ላይ ክሊቭላንድ 14 ለ 13 መራ። ሞራል ወደ ዋርፊልድ ዞረ። አንድ 15 ያርድ፣ አንድ 35 ያርድ። ቀጥሎም ዋርፊልድ ላይ ጥፋት ተሠርቶ ኳሱ 8 ያርድ ላይ ተቀመጠ። ኪክ ሮጦ ገባ፤ 20 ለ 14። በመዝገቡ ላይ የተችዳውኑ ባለቤት ሯጭ ነው። መንገዱን የጠረገው ግን ማን ነው?

ሦስተኛው በሳምንቱ ፒትስበርግ ላይ ነው። (ያልተሸነፈው ቡድን ለምን ሰው ሜዳ ሄደ ካላችሁ፣ ያኔ የፕሌይኦፍ አስተናጋጅነት በተራ ነበር የሚደርሰው።) ፒትስበርግ 10 ለ 7 መራ፤ የማያሚ ጥቃት ደረቀ። ሹላ ምን አደረጉ? ኳርተርባክ ቀየሩ። እግሩ ገና ያገገመውን ግሪሲን አስገቡት። ግሪሲ ብዙም ሳይቆይ ለዋርፊልድ 52 ያርድ ወረወረ፤ ከዚያች ጥቃት ተችዳውን መጣ፤ ማያሚ 21 ለ 17 አሸነፈ። ጸሐፊውን አንድ ጥያቄ ልጠይቃቸው። ኳርተርባኩ ማንም ቢሆን ለውጥ ከሌለው፣ አሰልጣኙ ዓመቱን ሙሉ ሲያሸንፍ የከረመውን ሰው በኮንፈረንስ ፍጻሜ መሃል ለምን ያስቀምጣል?

«ዋርፊልድ ባከነ»

ይሄኛው ክርክር ልቤን በትንሹ ይነካዋል። ዋርፊልድን በፊልም ያየ ሰው ብዙ ኳስ እንዲደርሰው መመኘቱ አይቀርም። ሲሮጥ ምንም የሚታገል አይመስልም፤ በረዶ ላይ የሚንሸራተት ነው የሚመስለው። ሌላ ቡድን ቢሆን ብዙ ኳስ ይይዝ እንደነበርም እቀበላለሁ።

ግን ባከነ? በ1971 43 ኳስ ይዞ 996 ያርድና 11 ተችዳውን። በ1972 29 ይዞ 606 ያርድ፤ አንዷ ኳስ በአማካይ ወደ 21 ያርድ ትሄዳለች። በ1973 እንደገና 29 ብቻ ያዘ፤ ግን 11ዱ ተችዳውን ናቸው። በዚያ ዓመት የመጨረሻ መደበኛ ጨዋታ፣ ከዲትሮይት ጋር ሲጫወቱ፣ ከግሪሲ አራት የተችዳውን ኳስ ተቀበለ። አራቱም ከእረፍት በፊት! ባክኖ የቀረ ሰው እንዲህ ከሆነ እኔም መባከን እፈልጋለሁ።

የዋርፊልድ ሥራ ደግሞ በያዘው ኳስ ብቻ አይቆጠርም። ይሄን ያስረዱኝ አንድ አዛውንት ናቸው። እኔ የምኖረው ዋሽንግተን አካባቢ ነው፤ ታክሲ በምነዳበት ጊዜ አንድ የዋሽንግተን ቡድን ደጋፊ ከኤርፖርት ጫንኩ። ትራፊኩ ተዘጋግቶ ነበር። ጨዋታ ተነሳና ሰውዬው የ7ኛውን ሱፐር ቦውል ታሪክ ትናንት የሆነ ያህል ተረኩልኝ። ጥር 14 ቀን 1973፣ ሎስ አንጀለስ፣ ማያሚ 14 ዋሽንግተን 7። ሃዋርድ ትዊሊ የሚለውን የማያሚ ተቀባይ ስም ሲጠሩ ጥርሳቸውን ነክሰው ነበር።

ጨዋታዋ እንዲህ ናት። አንደኛው ሩብ ሊያልቅ ነው፤ ኳሱ 28 ያርድ ላይ። የዋሽንግተኖች ዓይን ዋርፊልድ ላይ ነው። በሌላ በኩል ትዊሊ ከዋሽንግተኑ ተከላካይ ከፓት ፊሸር ጋር ብቻ ለብቻ ተፋጧል። ትዊሊ አጭር ነው፣ ፈጣንም አይባልም። ወደ ውስጥ ሁለት ሦስት እርምጃ ሄደ። ፊሸር አብሮት ዞረ። ትዊሊ በድንገት ወደ ውጭ ታጠፈ፤ ፊሸር በተሳሳተ እግሩ ቀረ። ኳሱ 5 ያርድ አካባቢ ላይ ደረሰው፤ ይዞ ገባ። ትዊሊ በዚያ ቀን የያዘው ኳስ ያቺ አንዲት ናት። አዛውንቱ የፊት ወንበሩን ጀርባ መታ አድርገው «ሁላችንም ሌላኛውን ሰውዬ ነበር የምንፈራው» አሉኝ። ሌላኛው ሰውዬ ዋርፊልድ ነው።

እሱም ቢሆን በዚያው ቀን የ47 ያርድ ተችዳውን ይዞ ነበር። የቡድን ጓደኛው ማርሊን ብሪስኮ መስመር ላይ ባጠፋው ጥፋት ተሰረዘበት። ግሪሲ በዚያ ጨዋታ 11 ወርውሮ 8 ተይዞለት 88 ያርድ አገኘ ይላል መዝገቡ። ጸሐፊው 88ቷን ጠቅሰዋል። የተሰረዘችውን ግን አልጠቀሱም። ቁጥር ብቻ የሚያነብ ሰው እንዲህ ዓይነቱ ነገር ያመልጠዋል።

«ሹላ በውርወራ አያምኑም ነበር»

ይሄ አጭር ነው። ሹላ ማያሚ ከመምጣታቸው በፊት የዩናይተስ አሰልጣኝ ነበሩ። በ1984 ደግሞ ዳን ማሪኖ 5,084 ያርድና 48 ተችዳውን የወረወረው በእሳቸው ስር ነው፤ ማንም ከዚያ በፊት እዚያ ቁጥር ደርሶ አያውቅም። ሰውየው ባለው ዕቃ የሚያበስል ሰው ነበር። ዞንካ ሲኖር ዞንካን፣ ማሪኖ ሲኖር ማሪኖን። ሌላ የምለው የለኝም።

«ዛሬ ቢጫወቱ መሳቂያ ይሆኑ ነበር»

የዛሬን ሕግ ስጧቸውና እንነጋገር። በ1972 አንድ ተከላካይ ኳሱ እስኪወረወር ድረስ ተቀባዩን ሜዳው ላይ እየገፋ፣ እየደቃ መከተል ይችል ነበር። በ1978 ሕጉ ተለውጦ ከ5 ያርድ በኋላ መንካት ተከለከለ። የመስመር ተጫዋቾችም እጃቸውን ዘርግተው ኳርተርባኩን እንዲከላከሉ ተፈቀደ። ዛሬ የምናየው የውርወራ ጎርፍ ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው። ማንም ሳይነካው የሚሮጥ ዋርፊልድን አስቡት። እኔ ለተከላካዩ ነው የማዝንለት።

ጸሐፊው እውነት ያላቸው ግን እዚህ ጋ ነው። ጥር 16 ቀን 1972፣ ኒው ኦርሊንስ፣ 6ኛው ሱፐር ቦውል። ዳላስ ማያሚን 24 ለ 3 ቀጠቀጠው። ሩጫው 80 ያርድ ላይ ታነቀ። ግሪሲ 23 ወርውሮ 12 ተያዘለት፤ 134 ያርድ፣ አንድ የተጠለፈ፣ ተችዳውን ባዶ። የዳላሱ ቦብ ሊሊ ግሪሲን ወደ ኋላ እያሯሯጠ፣ እያሯሯጠ፣ 29 ያርድ አስመልሶ የጣለበት ምስል እስከ ዛሬ ይታያል። ግሪሲ መውጫ አጥቶ ሲዞር የሚያሯሩጡት ዶሮ ነው የሚመስለው። ያ ቡድን በውጤት ሲቀደምና ሩጫው ሲቆም በውርወራ ብቻ ጨዋታ ለመገልበጥ የተሠራ አልነበረም። ይሄን እቀበላለሁ። ጸሐፊው «ጠባብ ነበር» ቢሉ ኖሮ እኔም ይሄን ሁሉ አልጽፍም ነበር። «ደካማ» ነው ያሉት።

«ግሪሲ ተገዶ ብዙ ቢወረውርስ?» ለሚለውም ቢሆን ፍንጭ አለ። ዞንካ፣ ኪክና ዋርፊልድ ሦስቱም ለተቀናቃኙ ሊግ ፈርመው በ1975 ከማያሚ ሄዱ። ሁለቱ ሯጮች የሉም፣ ታላቁ ተቀባይም የለም። በ1977 ግሪሲ፣ ያኔ መነጽር አድርጎ ነበር የሚጫወተው፣ 22 ተችዳውን ወርውሮ ሊጉን መራ። በታንክስጊቪንግ ቀን ሴንት ሉዊስ ላይ በአንድ ጨዋታ ስድስት ወረወረ፤ 55 ለ 14። ተሳፋሪው መሪውን ጨበጠ እንግዲህ።

ጸሐፊው ይሄንን ሁሉ ሰምተው አሁንም «ማያሚ አስቀያሚ ውርወራ ነበረው» ካሉ፣ አንድ ልሰጣቸው እችላለሁ። 7ኛው ሱፐር ቦውል ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ከምናምን ቀርቶታል። ማያሚ 14 ለ 0 ይመራል። ጋሮ የፕሬምያን ፊልድ ጎል ሊመታ ገባ። ቢገባ ውጤቱ 17 ለ 0 ይሆናል፤ 17 ለ 0 በሆነ ዓመት። ኳሱ ተደረበበትና ተንከባሎ ወደራሱ መጣ። መሬት ላይ መተኛት ነበረበት። እሱ ግን አነሳው። አንስቶም ሊወረውር እጁን ወደ ኋላ ሳበ። ኳሱ ከጣቱ አመለጠ፤ ወደ ላይ ተነሳ፤ ጋሮ በመዳፉ መታው፤ የዋሽንግተኑ ማይክ ባስ ከአየር ላይ ለቅሞ 49 ያርድ ሮጦ አስቆጠረ። የታክሲው አዛውንት ከዚያ ጨዋታ ሳቅ ብለው የተረኩልኝ ይሄን ብቻ ነው።